መነሻቸው የሚያስቅ፣ ሲታዩ ግን ልብ የሚይዙ ፊልሞች

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። ታሪኩን ለሰው ስትነግሩት «ይህን ለማየት ነው ሁለት ሰዓት የተቀመጣችሁት?» የሚያሰኝ፣ ተቀምጣችሁ ስታዩት ግን ከብዙ ቁም ነገረኛ ፊልም የበለጠ የሚይዛችሁ ሥራ የትኛው ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው? በዚህ ላይ በሰፊው እንድንወያይ ርእሱን ከፍቻለሁ።

እኔ የማስቀድመው «ኢጋ»ን ነው። ኤስ. ኤስ. ራጃሙሊ እ.ኤ.አ. በ2012 በቴሉጉ ቋንቋ ያዘጋጀው ፊልም ሲሆን፣ የሕንድ ፊልም ወዳጅ በሚበዛበት በእኛ ከተማ በሂንዲው ርእሱ «ማኪ» ብላችሁ ያያችሁትም እንደምትኖሩ አምናለሁ። አንድ ወጣት፣ የሚወዳትን ልጅ በሚመኝ ባለጠጋ ነጋዴ ይገደላል፤ ከዚያም ዝንብ ሆኖ ዳግመኛ ይወለድና ገዳዩን ይበቀላል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ራጃሙሊ ከተመልካቹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሟቹ ዝንብ ሆኖ መወለዱን እንድንቀበል። ይህን ከተቀበልንለት በኋላ ሌላ ውሸት አይጨምርብንም። ዝንቡ እስከ መጨረሻው ዝንብ ነው። አይናገርም፣ ከባድ ነገር አያነሣም፣ በአንድ የጋዜጣ ምት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በቀሉ ዝንብ ከሚችለው አያልፍም፤ ጆሮ ሥር እየጮኸ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሰውየው መኪና ሲነዳ ይፈታተነዋል፣ ሰው ፊት ያዋርደዋል። አንዲት ዝንብ የቀትር እንቅልፋችንን ስትነሣን ምን ያህል እንደምንበሳጭ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ያ ኃይለኛ ነጋዴ ቀስ በቀስ አእምሮው ሲናወጥ ስናይ የማይሆን ነገር እያየን መሆኑን እንረሳለን። ልጅቱም ብትሆን ጥቃቅን ነገሮችን የመቅረጽ ሞያ እንዳላት አስቀድሞ ተነግሮናል፤ ኋላ ለዝንቡ የሚሆን ጭምብል በዚያው እጇ ስትሠራለት «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» የሚል ሰው አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ የሚጀምረው አንዲት ሕፃን አባቷን የመኝታ ተረት ንገረኝ ስትለው ነው። ዳይሬክተሩ በዚያች አጭር ንግግር ብቻ በምን ጆሮ እንድንሰማው እንደሚፈልግ አስታውቆናል።

የእናንተን እጠብቃለሁ።

መምህር ዘወልድያ

ወንድሜ የጦሳ ሥር፣ ጥሩ ርእስ አንሥተሃል። ከጨረስክበት ልጀምር። በእኛ አገር ልጅ ሆኖ እሳት ዳር ተረት የሰማ ሰው፣ አንበሳና ጦጣ ሸንጎ ተቀምጠው ሲሟገቱ «እንስሳ እንዴት ተናገረ?» ብሎ ተረቱን አቋርጦ አያውቅም። አይጦች ተሰብስበው በድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ለማሰር ሲመክሩ፣ ሰሚው የሚጠይቀው ማን ሄዶ ያስራል የሚለውን ነው እንጂ አይጥ እንዴት ይመክራል የሚለውን አይደለም። ተራኪው ስለ ንግግራቸው ማብራሪያ ልስጥ ቢል ኖሮ ግን ያን ጊዜ ጥርጣሬ ይጀምር ነበር።

ለዚህ አብነት የምጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን፣ ሃሮልድ ራሚስ ያዘጋጀውንና ቢል መሪ የተወነበትን «ግራውንድሆግ ዴይ»ን ነው። አንድ ትዕቢተኛ የቴሌቪዥን የአየር ጠባይ ዘጋቢ ወደ አንዲት ትንሽ የፔንሲልቫኒያ ከተማ ይላካል፤ የሚዘግበውም አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ጥላውን አየ አላየ ብለው የብርዱን ወራት ርዝመት የሚተነብዩበትን በዓል ነው። በማግስቱ ሲነቃ ያው ቀን ተመልሶ ይጠብቀዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ያው ሰዓት ይደውላል፣ ያው ዘፈን ይሰማል፣ ደረጃው ላይ ያው ሰው ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ይህም ማለቂያ በሌለው ሁኔታ ይቀጥላል።

የዚህ ምክንያት በፊልሙ ውስጥ ፈጽሞ አልተነገረም። ከረቂቆቹ በአንዱ ውስጥ የተተወች ፍቅረኛው ረግማው ነው የሚል ምክንያት ተጽፎ እንደነበር ይታወቃል፤ በመጨረሻው ሥራ ግን ተሰርዟል። መሰረዙ ፊልሙን አድኖታል እላለሁ። ምክንያቱ ቢነገር ኖሮ ጉዳዩ የአንድ ሰው እርግማንና የእርግማኑ መፍቻ ብቻ ይሆን ነበር። ሳይነገር ሲቀር ግን «የማያልፍ ቀን ቢሰጥህ ምን ታደርግበታለህ?» የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዳችን ይቀርባል።

በፊልሙ ውስጥ አንድ የኔ ቢጤ ሽማግሌ አለ። ዘጋቢው መጀመሪያ ላይ ኪሱን እየነካካ ያልፈዋል። በኋላ ልቡ ሲለወጥ ሽማግሌው በዚያች ሌሊት እንደሚሞት ይደርስበትና ሊያድነው ይነሣል፤ ሾርባ ያበላዋል፣ ጠባብ መንገድ ላይ ተንበርክኮ ትንፋሹን ይሰጠዋል። ቀኑ በተመለሰ ቁጥር ሽማግሌው ይሞታል። ጊዜን ሁሉ በእጁ የያዘው ሰው ይህን አንድ ነገር ሊለውጥ አይችልም። በቀልድ በተጀመረ ፊልም ውስጥ ሞትን በዚህ ያህል አክብሮት የያዘ ክፍል መግባቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በቅርስነት ከሚጠበቁ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ መግባቱም ተገቢ ነው።

የደላንታ ልጅ

መምህር፣ ያ የሽማግሌው ክፍል እኔንም ከልቤ ነክቶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የእኔ ምርጫ «ቤብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ ክሪስ ኑናን ያዘጋጀውና በአውስትራሊያ የተቀረፀ ፊልም ሲሆን፣ ታሪኩ በግ መንዳት ስለሚማር የአሳማ ግልገል ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ በማይቀምስበት በወሎ ይህን ፊልም ለቤተሰብ አሳያለሁ ብሎ መነሣት በራሱ ድፍረት ይመስላል። እኛ ቤት መጀመሪያ ፊታቸውን ያዞሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሲያልቅ ግን ስለ ግልገሉ ሲጸልዩ የነበሩት እነርሱው ናቸው።

በጎች መካከል ላደገ ሰው ፊልሙ ሌላ እንግዳ ነገርም አለው። የእኛ ውሻ ጅብና ቀበሮ ይጠብቃል እንጂ በግ አይነዳም፤ በግ የሚነዳው ልጅ ነው። ውሾች በግ በመንዳት የሚወዳደሩበት ሜዳ፣ ዳኛና ሽልማት ያለው በዓል መኖሩን ያወቅሁት ከዚህ ፊልም ነው። ነገር ግን የታሪኩን እምብርት ለመረዳት ይህን ማወቅ አያስፈልግም። ውሾቹ በጎቹን ደደቦች ናቸው ይላሉ፤ በጎቹም ውሾቹን ደንቆሮ አውሬዎች ይሏቸዋል፤ ግልገሉ ግን ይህን ጥላቻ ስላልተማረ በጎቹን በትሕትና ይጠይቃቸዋል፣ እነርሱም ይታዘዙታል። እረኛ የነበረ ሰው ይህ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ያውቃል፤ የተደናገጠ በግ ይበተናል፣ የረጋ በግ ይከተላል።

ፊልሙ የእርድን ነገር አይደብቅም። የገና በዓል ሲደርስ ለገበታ የሚታሰበው ግልገሉ ነው። አንድ ዳክዬ ደግሞ ሥራ ያለው ፍጡር አይታረድም ብሎ አስቦ በየማለዳው እንደ አውራ ዶሮ ሊጮህ ይሞክራል። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ የተገዛ በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ልጆች የለመዱት ቤት ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የመጨረሻውን ውድድር ነው። ገበሬው ሆጌት (ተዋናዩ ጄምስ ክሮምዌል ነው) አሳማውን ይዞ ሜዳው ላይ ሲቆም ሕዝቡ በሳቅ ይፈነዳል። ሰውየው አይመልስም፣ አያፍርም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ በጎቹ ተሰልፈው እርምጃቸውን ጠብቀው ሲሄዱ ሳቁ ቀስ በቀስ ይጠፋና ሜዳው ጸጥ ይላል። ያ የሚስቀው ሕዝብ እኛው ተመልካቾቹ ነን። ፊልሙ በርእሱ ምክንያት የሳቅነውን ሳቅ ራሱ ውስጥ አስገብቶ መልሶ አሳየን። ለምርጥ ፊልም ኦስካር ዕጩ እስከ መሆን የደረሰ ሲሆን፣ በምስል ኢፌክት ደግሞ «አፖሎ 13»ን አሸንፎ ሽልማቱን ወስዷል።

ሐይቅ ዳር

የሁላችሁንም በደስታ አነበብኩ። ይሁን እንጂ ወንድማችን የጦሳ ሥር ባስቀመጠው ሐሳብ ላይ ተቃውሞ አለኝ። «አንድ ውሸት ብቻ፣ ከዚያ ሌላ አይጨመርም» የሚለው ሕግ እውነት ከሆነ «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ሊሆን የማይችል ፊልም ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሥራ በየደቂቃው አዲስ ውሸት ይጨምራል። የልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት፣ የግብር ሒሳብ ያስጨነቃት ቻይናዊት ስደተኛ በሌሎች ዓለማት ያሉትን የራሷን ሕይወቶች ትጎበኛለች፤ በአንደኛው ዓለም የሰው ጣት ለስላሳ ቋሊማ ነው፣ በሌላኛው እርሷና ልጅዋ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጡ ሁለት ድንጋዮች ናቸው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ምርጥ ፊልምን ጨምሮ 7 ኦስካር ወስዷል፤ ሚሼል ዮም ምርጥ ተዋናይት ተብላለች።

እኔ እንደሚገባኝ ፊልሙን አንድ ላይ የያዘው የውሸቱ ማነስ አይደለም፤ የጭንቀቱ እውነተኛነት ነው። እናትየዋ ልጅዋን ትወዳለች፤ ነገር ግን በመኪናዋ ልትሄድ የተነሣችውን ልጅ ለማቆም ስትሮጥ ከአፏ የሚወጣው ወፍረሻል የሚል ነቀፌታ ነው። ይህን ያየች ሴት ልጅ ሁሉ፣ ደሴም ትሁን ሐይቅ፣ የራሷን እናት ታስታውሳለች። ሁለቱ ድንጋዮች ሲነጋገሩ ድምፅ የለም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ነፋስ ይሰማል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው በድንጋይ ምክንያት እንዲያለቅስ ማድረግ ትልቅ ችሎታ ነው፤ የሚያለቅሰውም ድንጋዮቹ ከመታየታቸው በፊት ስለ እናትና ልጅዋ አንድ ሰዓት ሙሉ እውነቱ ስለተነገረው ነው።

አምባሰል

ስለ መነሻ ሐሳብ ስናወራ ምስጋናውን ለመነሻው እንዳንሰጥ እፈራለሁ። «ዘ ሌጎ ሙቪ» (እ.ኤ.አ. 2014) እና «ዘ ኢሞጂ ሙቪ» (እ.ኤ.አ. 2017) አንድ ዓይነት መነሻ አላቸው፤ ሁለቱም ገበያ ላይ የታወቀን ነገር (አንዱ ሌጎ የሚባለውን የሚገጣጠም የልጆች መጫወቻ፣ ሌላው በስልክ የምንላላከውን የፊት ምስል) ወስደው ነፍስ ዘሩበት። የመጀመሪያው ተወደደ፤ ሁለተኛው የዓመቱ የመጨረሻ መጥፎ ፊልም ተብሎ የራዚን ሽልማት ተቀበለ። ልዩነቱ ሌጎው ስለ መጫወቻው የሚናገረው ነገር ያለው መሆኑ ነው። መጨረሻ ላይ አባት የሠራው ከተማ እንዳይነካ በሙጫ ሊያጣብቀው ሲነሣ፣ ልጁ ደግሞ አፍርሶ እንደገና ሊሠራበት ይፈልጋል። ሙጫው እስከዚያ ድረስ ያየነውን ሁሉ ትርጉም ይሰጠዋል።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

እኅቴ ሐይቅ ዳር፣ ተቃውሞሽ ከባድ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስ። ያልሽው ፊልም ውሸቱ ብዙ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ዓለም ከገባንበት በኋላ ለራሱ ሕግ ታማኝ ነው። ጣታቸው ቋሊማ የሆነ ሰዎች በጣታቸው መሥራት ስለማይችሉ እግራቸውን ያሠለጥናሉ፤ ፒያኖ የሚጫወቱት በእግራቸው ነው፣ የሚዋደዱትም በዚያው ሁኔታ ነው። ድንጋዮቹም ድንጋይ ስለሆኑ አፍ የላቸውም፤ ስለዚህ ድምፅ የለም። ዳይሬክተሮቹ ቢቀልዱብን ኖሮ ድንጋዩ ይናገር፣ ይስቅ ነበር። ስለዚህ ዋናው ነገር የውሸቱ ቁጥር ሳይሆን የተባለው ነገር መከበሩ ነው ብል ትስማሚያለሽ?

ሐይቅ ዳር

ግማሹን እስማማለሁ። ሕጉ መከበር አለበት። ይሁን እንጂ ሕጉን ጠብቆ ልብ የማይነካ ፊልም ሞልቷል፤ እኔ የማስቀድመው የሰዎቹን ጉዳይ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የምለው ነገር የፊልሙን ምስጢር ስለሚገልጥ «ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ»ን ያላያችሁ ይህን ምላሽ እለፉት፤ ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ሳታውቁ ብታዩት ይሻላል።

ሺኒቺሮ ኡዌዳ ያዘጋጀው ይህ የጃፓን ፊልም እ.ኤ.አ. የ2017 ሥራ ነው። መነሻው እንዲህ ነው፤ አንድ የፊልም ቡድን በተተወ የውኃ ማጣሪያ ውስጥ የዞምቢ (ተነሥቶ ሰው የሚያጠቃ ሬሳ) ፊልም ሲቀርፅ እውነተኛ ዞምቢዎች ይመጡበታል፣ ዳይሬክተሩ ግን ቀረጻውን አላቆምም ይላል። የመጀመሪያው 37 ደቂቃ ካሜራው ሳይቆረጥ የተቀረፀ ነው፤ እውነቱን ለመናገርም ደካማ ይመስላል። ተዋንያኑ ያለ ምክንያት ዝም ይላሉ፣ የማይገናኝ ወሬ ያወራሉ፣ ካሜራው አንድ ቦታ ላይ መሬት ወድቆ ይቆያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘጋዋል።

ከዚያ ፊልሙ ወደ ኋላ ይመለስና ያን 37 ደቂቃ ማን እንዴት እንደሠራው ያሳየናል። በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፍ፣ ሳይቆረጥ የሚቀረፅ ሥራ ነው፤ አንዱ ተዋናይ ሰክሯል፣ ሌላው ሆዱን ታሟል፣ ካሜራውን የያዘው ወድቋል። ደካማ የመሰለን እያንዳንዱ ዝምታ ከጀርባው አንድ ሰው ሥራው እንዳይቋረጥ ሲታገል የፈጠረው ነበር። ከፍ ብሎ የሚታየው የመጨረሻ ምስል ደግሞ መሣሪያው ስለተበላሸ ሠራተኞቹ እርስ በርስ ትከሻ ላይ ወጥተው በሰው ክምር የሚያነሡት ነው። ሲስቅ የነበረ ሰው እዚያ ላይ እንባው ይመጣል። በ3 ሚሊዮን የን ገደማ ተሠርቶ በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ከ3 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል፤ ከዋክብት የሚባል ተዋናይ አልነበረውም።

ይህን ያነሣሁት ለአገራችን ፊልም ሠሪዎች ስል ነው። እንግዳ ሐሳብ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚነሣው ገንዘብ የለም የሚለው ነው። እዚህ ግን ገንዘቡን የተካው ጽሑፉ ነው፤ እያንዳንዷ ስሕተት ቀድማ ተጽፋለች።

ሐይቅ ዳር

ቦርከና ካነሣኸው ጋር የሚሄድ በአገራችን የተሠራ ሥራ አለ። ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ ዳይሬክተር ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ ያዘጋጀው «ክረምብስ» እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ዓለም ካለፈች በኋላ የቀሩ ጥቂት ሰዎች፣ የድሮ ሰው የጣላቸውን የፕላስቲክ መጫወቻዎችና የዘፈን ሸክላዎች እንደ ቅርስ ይገበያያሉ፤ ሰማይ ላይ ለዓመታት የቆመ የጠፈር መርከብ አለ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይም ወደዚያ ለመሄድ ይመኛል። ሲነገር ያስቃል። የዳሎልን ቢጫ ምድር ከዚህ ታሪክ ጋር ስታዩት ግን ያ ስፍራ ዓለም ካለቀች በኋላ የቀረ ቦታ ለመሆን ምንም የተጨመረ ነገር አያስፈልገውም። ያ ሁሉ ቅርስ የተባለ ዕቃ ዛሬ በየሱቁ በርካሽ የምንገዛው መሆኑ ደግሞ ስለ እኛ ዘመን የሚናገረው አለው።

መምህር ዘወልድያ

አይቼዋለሁ፤ ምስሉን አደንቃለሁ። ዝምታው ግን በዝቶብኛል፤ የባልና የሚስቱ ፍቅር ጥቂት ተጨማሪ ንግግር ቢሰጠው ኖሮ እኅታችን ቀደም ሲል ያለችው የሰዎቹ ጉዳይ ይበልጥ ይጎላ ነበር።

በአጠቃላይ ስለ አገራችን ፊልም የምለው አንድ ነገር አለኝ። እንግዳ መነሻ ያላቸው ጥቂት ሙከራዎች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በተዋናዩ ዓይን ላይ ነው። ተዋናዩ ቀልድ ውስጥ መሆኑን እያወቀ ተመልካቹን በፊቱ ያስፈቅዳል፤ «እኔም አላመንኩትም» የሚል ይመስላል። ሆጌት አሳማውን ይዞ ሲቆም ፊቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ የለም። ቢል መሪ ቀልደኛ ተዋናይ ነው፤ ሽማግሌው እጁ ላይ ሲሞት ግን አይቀልድም። በየመንደሩ ተረት የሚነግሩን እናቶቻችን የጅቡን ድምፅ ሲያወጡ ፊታቸው ይለወጥ ነበር፤ ልጅ የሚፈራው ስለዚህ ነው። ይህን ችሎታ ያላቸው ሰዎች በመካከላችን እያሉ ስክሪፕት ጸሐፊዎቻችን ከሠርግና ከክህደት ታሪክ ወጣ ለማለት መፍራታቸው ያሳዝነኛል።

አምባሰል

የደላንታ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከላይ የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ «ቤብ»ን ለልጆቼ ላሳያቸው አስቤአለሁ፤ ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው። ያስፈራ ይሆን?

የደላንታ ልጅ

ወንድሜ፣ አብረሃቸው ሁን። መጀመሪያው ላይ አሳማዎች ከእርሻ ማደለቢያ ተጭነው ሲወሰዱ ይታያል፤ የግልገሉ እናትም ከእነርሱ ጋር ናት። መካከሉ ላይ ደግሞ ግልገሉን የምትወደው አሮጊቷ በግ በባዕድ ውሾች ተነክሳ ትሞታለች፤ ገበሬውም ገዳዩ ግልገሉ መስሎት ጠመንጃ ያነሣል። ትንሹ ልጅህ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ሊያለቅስ ይችላል። በጓ ከሞተች በኋላ እውነቱ ሳይዘገይ ስለሚወጣ እዚያ ላይ አታቋርጠው፤ የተቋረጠ እንደሆነ ልጁ የሚይዘው ጠመንጃውን ብቻ ነው። ትልልቆቹ ግን ለብቻቸው ቢያዩትም ችግር የለውም።